እግርሽ ላይ የወጣው ደም ስር፦ ጥፋቱ የደሙ አይደለም

ጥያቄው በአጭሩ እንዲህ ነው። ጠያቂዋ የ34 ዓመት ሴት ናት፤ የሁለት ልጆች እናት። አራት ኪሎ አካባቢ አንድ ካፌ ውስጥ ማኪያቶ ማሽን ላይ ትሠራለች፤ ቀኑን ሙሉ ቆማ ነው የምትውለው። ከሁለተኛ ልጇ በኋላ በግራ እግሯ፣ ከጉልበቷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ፣ የተጠማዘዘ አረንጓዴ ደም ስር ወጣባት። ማታ ማታ እግሯ ይከብዳታል። ካልሲዋን ስታወልቅ ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ተሰርጉዶ ይቆያል። እናቷ «የተቋጠረ መጥፎ ደም ነው፤ በዋግምት ይውጣልሽ» ይላሉ። የሥራ ባልደረባዋ ደግሞ ሂሞግሎቢኗ 15 መሆኑን ሰምታ «ደምሽ ወፍራም ነው፤ ነጭ ሽንኩርት ብዪ፣ አስፕሪንም ዋጪ» ብላታለች። የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል እንደምትወስድም ጽፋለች። የምትጠይቀው ሦስት ነገር ነው። ይፈነዳል ወይ? በኦፕሬሽን ቢወጣ ደሙ በየት ይመለሳል? ሥራዬን ልልቀቅ ወይ?

እህቴ፣ ከትልቁ ነገር ልጀምር። ደምሽ ምንም አልሆነም። አልቆሸሸም፣ አልወፈረም፣ አልተቋጠረም። የደከመው ደሙ የሚመለስበት ቱቦ ነው። እሱም ቢሆን ውስጡ ያሉት ትንንሽ ቫልቮች፣ ደሙን በአንድ አቅጣጫ ብቻ የሚያሳልፉት በሮች፣ ናቸው እንጂ ቱቦው ሁሉ አይደለም። ይህቺን አንድ ነገር ከያዝሽ፣ ሰፈሩ ሁሉ የሚሰጥሽን ምክር ራስሽ መመዘን ትችያለሽ። ምክሩ የሚነካው ደሙን ነው ወይስ ቱቦውን? ደሙን ብቻ ከሆነ እግርሽን አይመለከተውም።

እርግጥ እግርሽን በዓይኔ አላየሁትም። ግን የጻፍሽው በየቀኑ ከማያቸው እግሮች ጋር አንድ ነው። ቆመው የሚውሉ ሰዎች እግር ማለቴ ነው፦ ፀጉር ሠሪዎች፣ አስተማሪዎች፣ አስተናጋጆች፣ ትራፊክ ፖሊሶች። ቫሪኮስ ቬይን ይባላል።

ትምህርት ቤት የተማርነውን ደም ቅዳና ደም መልስ አስታውሺ። ደም ቅዳ ከልብ ወደ ሰውነት ያደርሳል፤ ደም መልስ ወደ ልብ ይመልሳል። አንድ አዋቂ ሰው 5 ሊትር ገደማ ደም አለው። ልብ በእረፍት ጊዜ በአንድ ደቂቃ ውስጥ ያንኑ ያህል ትረጫለች። ደሙ ግን በሁለቱ በኩል እኩል አይከፋፈልም። በማንኛውም ሰዓት ብትለኪው ከግማሽ በላይ የሚሆነው፣ ወደ ሁለት ሦስተኛው የሚጠጋው፣ ደም መልሶች ውስጥ ነው ያለው። ሰው ስለ ልብና ስለ ደም ግፊት ሲያወራ ደም ቅዳውን ብቻ ነው የሚያስበው። አብዛኛው ደም ያለው ግን በዚህ ማንም በማያወራለት በኩል ነው።

አሁን ችግሩ ጋ ልምጣ። የልብ ጉልበት ደሙን እስከ እግር ጣትሽ ያደርሰዋል። እዚያ ደሙ በጣም ቀጫጭን በሆኑት ደም ስሮች ውስጥ ያልፋል። አንድ ቀይ የደም ሕዋስ ስፋቱ ከአንድ ሚሊ ሜትር መቶኛ እጅ እንኳ ያንሳል፤ ያም ሆኖ አንዳንዶቹ ስሮች ጠበውት ተጣጥፎ ነው የሚያልፈው። ያንን ሁሉ አልፎ ወደ ደም መልስ ሲገባ የልብ ግፊት አልቆበታል። ከፊቱ ደግሞ ዳገት አለ። ከቁርጭምጭሚትሽ እስከ ልብሽ ከአንድ ሜትር በላይ ነው። ቀጥ ብለሽ ሳትንቀሳቀሺ ስትቆሚ፣ ያ ሁሉ የደም ዓምድ በቁርጭምጭሚትሽ ደም መልስ ላይ ያርፋል። ግፊቱ ወደ 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ (የደም ግፊት የሚለካበት መለኪያ ነው) ይደርሳል። ተጋድመሽ ሲለካ ግን ከ10 እስከ 15 ቢሆን ነው።

ታዲያ ማን ይገፋዋል? ባትሽ ነው የሚገፋው። ስትራመጂ የባትሽ ጡንቻ ይጨመቃል፤ በመሀሉ የሚያልፉትን ደም መልሶች አብሮ ይጨምቃል፤ ደሙ ወደ ላይ ይወጣል። ጡንቻው ሲላላ ግን ደሙ ተመልሶ መውረድ ይፈልጋል። እዚህ ላይ ነው ቫልቮቹ የሚያስፈልጉት። ከለገሃር ወደ ፒያሳ፣ በቸርችል ጎዳና ሽቅብ፣ የቆመ ሚኒባስ ሲገፋ ሳታዪ አትቀሪም። ገፊዎቹ ጥቂት ገፍተው ትንፋሽ ሲሰበስቡ ረዳቱ ሮጦ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ይወትፋል። ያ ታኮ ከሌለ የገፉት ሁሉ ከንቱ ነው። ባትሽ ገፊው ነው፤ ቫልቮቹ ታኮዎቹ ናቸው። አንቺ ጋ ታኮው ሸሽቷል። ደሙ ይገፋል፣ ይመለሳል፣ ይገፋል፣ ይመለሳል። ቱቦው ደግሞ ስስ ስለሆነ በተመለሰው ደም እየተለጠጠ፣ እየረዘመ፣ ቦታ ሲያጣ እየተጠማዘዘ ይሄዳል። ያ ነው ከቆዳሽ ሥር የምታዪው።

ቫልቭ የሚባለው ነገር መኖሩን አላምንም ካልሽ በክንድሽ ላይ ማየት ይቻላል። ቆንጆ ሙከራ ነው፤ ለተማሪዎቼም ሁልጊዜ አሠራቸዋለሁ። ክንድሽን ወደ ታች አንጠልጥይ። ባለቤትሽ ወይ ጓደኛሽ ከክርንሽ በላይ በሻሽ ጠበቅ አድርገው ይሰሩልሽ፤ እጅሽ እስኪደነዝዝ አይደለም፣ ደም ስሮቹ እስኪነሱ ብቻ። ከክርንሽ በታች አንዱን ረዘም ያለ ደም ስር ምረጪ። እዚህም እዚያም ትንሽ እብጥ ያለ ቋጠሮ ይታይሻል። ቫልቩ ያለው እዚያ ነው። አሁን የያዘልሽ ሰው በአንድ ጣቱ ደም ስሩን ከታች፣ በእጅ አንጓሽ በኩል፣ ተጭኖ ይያዝ። በሌላ ጣቱ ደሙን ከዚያ ወደ ላይ ጠርጎ ከቋጠሮው ያሳልፈው። መሀሉ ባዶ ሆኖ ይለጠፋል። የላይኛውን ጣት ሲያነሳ ደሙ ወርዶ የሚሞላው ይመስልሻል፤ አይሞላውም። ቋጠሮው ጋ ደርሶ ቀጥ ይላል። የታችኛውን ጣት ሲያነሳ ግን በቅጽበት ከታች ወደ ላይ ይሞላል። ሲበቃሽ ሻሹን ፍቺው።

ይህን ሙከራ ሥዕል አስደግፎ ያሳተመው እንግሊዛዊው ሐኪም ዊሊያም ሃርቪ ነው፤ በ1628 (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ነው የምጠራው)። በጣሊያን የፓዱዋ ከተማ ያስተማረው መምህሩ ፋብሪሲየስ በ1603 ስለነዚሁ ቫልቮች መጽሐፍ አውጥቶ ነበር። የመሰለው ግን ደሙ ወደ እግር በፍጥነት እንዳይወርድ የሚያዘገዩ ነው። ቫልቮቹን አየ፣ የደሙን አቅጣጫ ግን ገለበጠው። ምክንያቱም በዚያ ዘመን ሐኪም ሁሉ የጥንቱ ግሪካዊ ሐኪም ጋሌን ያለውን ነበር የሚያምነው፦ ደም ጉበት ውስጥ ይሠራል፣ ወደ ሰውነት ይወርዳል፣ እዚያው ያልቃል። ሃርቪ ቀላል ሒሳብ ሠራ። ልብ በአንድ ምት የምትረጨውን በምቶቹ ብዛት አባዛው። በግማሽ ሰዓት የሚወጣው ደም በሰውነት ውስጥ ካለው ሁሉ በለጠ። ጉበት ይህን ያህል ደም ከየት ያመጣል? እንግዲህ ያው ደም ነው የሚዞረው ማለት ነው። ከደም ቅዳ ወደ ደም መልስ የሚያሻግሩትን ቀጫጭን ስሮች ግን በዓይኑ አላያቸውም። እነሱን ጣሊያናዊው ሐኪም ማልፒጊ በ1661 በእንቁራሪት ሳንባ ላይ በማይክሮስኮፕ አገኛቸው።

ይህን ታሪክ ያነሳሁት ለጌጥ አይደለም። እናትሽ የሚሉት ነገር ከጋሌን ሐሳብ ጋር አንድ ነው። ደም አንድ ቦታ ተኝቶ ይበላሻል፣ የተበላሸውን ካወጣሽው ይሻላል የሚል። አውሮፓም ሃርቪ ከጻፈ በኋላ ሁለት መቶ ዓመት ያህል ደም ሲያፈስ ኖሯል፤ ስለዚህ በእናትሽ አትፍረጂ። ግን እግርሽ ላይ የተቋጠረ ደም የለም። አልጋ ላይ ተጋድመሽ እግርሽን ወደ ላይ አንሺ። ያ የተጠማዘዘ ደም ስር በጥቂት ሰከንዶች ውስጥ ይጠፋል። የተቋጠረ ነገር ቢሆን ኖሮ የት ይሄዳል? ተነሺና ቁሚ፤ መልሶ ይሞላል። ዋግምት ቢደረግልሽም እንዲሁ ነው። በቀንዱ የወጣውን ያህል፣ ገና ከበርጩማው ሳትነሺ፣ ሌላ ደም ይተካዋል።

ከዚህ በላይ የሚያሳስበኝ ግን ምላጩ ነው። አንደኛ፣ በደንብ ያልተቀቀለ ምላጭ ወይም ቀንድ የጉበት ቫይረስና ኤችአይቪ ያስተላልፋል። ሁለተኛ፣ ቁርጭምጭሚት አካባቢ ያበጠ ደም ስር ላይ መብጣት ማለት 90 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የተጠራቀመበትን ቱቦ መክፈት ነው። ሳይቆም ይፈሳል። ሦስተኛ፣ እዚያ ያለ ቆዳ ቁስሉ ቶሎ አይድንም፤ ወር ሊፈጅ ይችላል። ደም መስጠት አማረኝ ካልሽ ደም ባንክ አለልሽ። ዕድሜሽ ከ18 ክብደትሽ ከ45 ኪሎ በላይ ከሆነ፣ ሌላ የሚከለክል ነገር ከሌለ፣ በየሦስት ወሩ መለገስ ትችያለሽ። እግርሽን አያድነውም፤ ወሊድ ላይ ደም የሚፈሳትን አንዲት እናት ግን ያድን ይሆናል።

ባልደረባሽ ወዳለችው ልሂድ። ሂሞግሎቢን ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ነገር ነው። ለሴት ከ12 እስከ 16 ገደማ የተለመደ ነው። 15 ማለት ጥሩ ማለት ነው፤ ልጅ ለወለደች ሴት እንዲያውም ደስ የሚል ቁጥር ነው። ደግሞ አዲስ አበባ ከባሕር ጠለል በላይ 2300 ሜትር አልፋ ነው ያለችው። አየሩ ሳሳ ስለሚል ሰውነት ትንሽ ተጨማሪ ቀይ ሕዋስ ቢሠራ የሚጠበቅ ነው። የሚገርመው፣ የእኛ ደገኞች ብዙም አይጨምሩም። አሜሪካዊቷ ተመራማሪ ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ በ2002 ባሳተሙት ጥናት ሰሜን ተራሮች አካባቢ 3530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ሰዎችን ለክተው ነበር። የሴቶቹ አማካይ ሂሞግሎቢን 15፣ የወንዶቹ 15.9 ሆኖ ተገኘ። ባሕር ዳርቻ የሚኖር ሰው ከሚኖረው ብዙ አይርቅም። የደቡብ አሜሪካ ደገኞች ግን በዚያ ከፍታ ላይ ከዚህ በግልጽ ይበልጣሉ። ስለዚህ ያንቺ 15 ወፍራም ደም አይደለም። እንጦጦ ጫፍ ላይ ብትኖሪም አያስደነግጠኝም።

ነጭ ሽንኩርቱን ወጥ ውስጥ ብዪው፤ ይጣፍጣል። አስፕሪን ግን ተዪ። አስፕሪን የራሱ ቦታ አለው፤ የልብ ሕመም ላለበት ሰው ሐኪም ያዝለታል። ለደከመ ቫልቭ ምንም አይሠራም። ባዶ ሆድ ላይ በየቀኑ መዋጥ ደግሞ ጨጓራን ያደማል። ጨጓራ የሌለበት አዲስ አበቤ አለ ወይ?

አረንጓዴው ቀለምም እንዳያስፈራሽ። ደም በሰው ሰውነት ውስጥ የትም ቦታ አረንጓዴም ሰማያዊም አይደለም። በደም መልስ ውስጥ ያለው ጥቁር ቀይ ነው፤ ላብራቶሪ ሲቀዱሽ ቱቦው ውስጥ ያየሽው ቀለም። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ገብቶ ሲመለስ ነው ያን መልክ የሚሰጠው። በጠይም ቆዳ ላይ ወደ አረንጓዴ ያደላል።

ለምን አንቺን መረጠ? ዋናው ብዙ ጊዜ ዘር ነው። የእናትሽን እግር ተመልከቺ፤ ነጠላውን ገለጥ ቢያደርጉት ያው ደም ስር ሊኖር ይችላል። ሁለተኛው እርግዝና ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ደሟ በግማሽ ያህል ይጨምራል። የእርግዝናው ሆርሞን የደም መልስን ግድግዳ ያላላዋል። ማህፀኑ ደግሞ ከላይ መመለሻውን ይጫናል። ቱቦው ሲሰፋ የቫልቩ ሁለት ቅጠሎች መገናኘት ያቅታቸዋል። ከወለድሽ በኋላ አብዛኛው ይመለሳል፤ በየእርግዝናው ግን ትንሽ ትንሽ ይቀራል። ሦስተኛው ያ ማሽን ፊት መቆም ነው። መቆሙ ብቻውን በሽታውን ይፈጥረዋል ማለት ይከብደኛል፤ የጀመረውን ግን ያባብሰዋል።

«ይፈነዳል ወይ?» ላልሽው፣ አልፎ አልፎ ይደማል። ብዙ ጊዜ ቆዳው ስስ በሆነበት በቁርጭምጭሚት አካባቢ ነው። እግር ስትታጠቢ ወይም ፀጉር ስትላጪ፣ ወይ ልጅሽ በጫማው ሲመታሽ ሊጀምር ይችላል። አያምም፤ ስለማያም ሰው ዘግይቶ ነው የሚያየው። ያን ጊዜ የሚደረገው ቀላል ነው። ወዲያው ተኚ። እግርሽን ከልብሽ በላይ አንሺ፤ ግድግዳ ላይ አስደግፊው። ንጹሕ ጨርቅ አድርገሽ የሚደማው ቦታ ላይ አጥብቀሽ ተጫኚ። አሥር ደቂቃ ሳትገልጪ ያዢው። ይቆማል። ከዚያ በኋላ ወደ ጤና ተቋም ሂጂ። ሰው በድንጋጤ ሁለት ነገር ያጠፋል። አንዱ ቆሞ ወይም ወንበር ላይ ተቀምጦ «ውኃ አምጡ፣ ቡና አምጡ» ማለት ነው። ሌላው ከቁስሉ በላይ በቀበቶ ማሰር ነው። መመለሻውን ዘግተሽ መምጫውን ስትተዪው ይብሳል እንጂ አይቆምም።

ከመፍረጥ ይልቅ እኔ የምፈራልሽ ቀስ ብሎ የሚመጣውን ነው። ግፊቱ ለዓመታት ካልበረደ ቀይ ሕዋሶች ከቀጫጭኖቹ ስሮች እየሾለኩ ቆዳው ሥር ይቀራሉ። አንድ ቀይ ሕዋስ በደም ውስጥ ወደ 120 ቀን ይኖራል፤ የሾለከው ግን እዚያው ይፈርሳል፣ ብረቱን ጥሎ። በቁርጭምጭሚት የውስጥ ጎን የሚታየው ቡናማ ጥቁረት ያ ብረት ነው። ሰው ግን የቆዳ በሽታ መስሎት ቅባት ይገዛል። ቀጥሎ ያሳክካል፣ ቆዳው ይደርቃል፣ ይጠነክራል። መጨረሻው ቁስል ነው፤ ለወራት የማይድን ቁስል። ጥቁረቱ ከጀመረሽ አትዘግዪ።

አሁን በጣም የወደድኩት ጥያቄሽ። «ቢወጣ ደሙ በየት ይመለሳል?» ብዙ ሰው ይህን ሳይጠይቅ ነው ኦፕሬሽን የሚገባው ወይም የሚሸሸው። እግር ሁለት ዓይነት መመለሻ አለው። አንዱ ከቆዳ ሥር ያለው፣ አንቺ የምታዪው። ሌላው በጡንቻዎች መሀል፣ ከአጥንት አጠገብ የሚሄደው ጥልቁ ነው። ከእግር ከሚመለሰው ደም ከአሥር ዘጠኙ እጅ በጥልቁ ነው የሚያልፈው። የላዩ ቢወጣ ጥልቁ ሥራውን አይተውም። እንዲያውም የላዩ ታሞ ሲገኝ ይጎዳዋል እንጂ አያግዘውም፤ ወደ ላይ የሄደውን ደም ወደ ታች ይመልስበታልና።

ማስረጃ ከፈለግሽ የልብ ቀዶ ሐኪሞችን እይ። በ1967 አርጀንቲናዊው ሬኔ ፋቫሎሮ ክሊቭላንድ ላይ የተዘጋ የልብ ደም ቅዳን ለመሻገር የተጠቀመበት ይህንኑ የእግር ደም መልስ ነው። ከዚያ ወዲህ በመላው ዓለም ስንትና ስንት ሰው ጤነኛውን ደም ስር ከእግሩ አስወጥቶ ልቡ ላይ አስተክሏል፤ በዚያው እግሩም ይሄዳል። አንድ ነገር ልጨምርልሽ። ሐኪሞቹ ደም ስሩን ሲተክሉት ገልብጠው ነው። የታችኛው ጫፍ ወደ ላይ ይሆናል። ካልገለበጡት ውስጡ ያሉት ቫልቮች ደሙን አናሳልፍም ይላሉ። ሃርቪ በክንድ ላይ ያሳየው ያው ነገር ኦፕሬሽን ክፍል ውስጥም አለ።

ሕክምናው ዛሬ ብዙ ዓይነት ነው። የድሮው፣ ከብሽሽት እስከ ባት ደም ስሩን ስቦ ማውጣት ነው፤ አሁንም ይሠራል፣ ውጤቱም መጥፎ አይደለም። አዲሶቹ ደም ስሩን እዚያው ትተው በሌዘር ወይም በሬዲዮ ሞገድ ሙቀት ከውስጥ ይዘጉታል። ለትንንሾቹ ደግሞ የሚያደርቅ መድኃኒት በመርፌ ይሰጣል። የቱ እንደሚሻልሽ ምርመራው ነው የሚወስነው። አንዳንዱ ከዓመታት በኋላ በሌላ ቦታ ይመለሳል፤ «ለዘላለም ይጠፋል» የሚልሽን አትመኚ። የሚቀጥለውን ልጅ ካሰብሽ፣ ከባድ ችግር እስከሌለ ድረስ፣ ወልደሽ ብትጨርሺ እመርጣለሁ።

ሥራሽን አትልቀቂ። አቋቋምሽን ግን መለወጥ አለብሽ። ጤነኛ ቫልቭ ያለው ሰው መራመድ ሲጀምር በቁርጭምጭሚቱ ያለው ግፊት ከ90 ወደ 30 ገደማ ይወርዳል። ቫልቭሽ ስለደከመ ያንቺ ያን ያህል ላይወርድ ይችላል፤ ግን ይወርዳል። ስለዚህ ጠላትሽ ሥራው ሳይሆን ቀጥ ብሎ መቆሙ ነው። ወተቱ እስኪሞቅ ድረስ ተረከዝሽን ከመሬት አንስተሽ በጣትሽ ቁሚ፣ አውርጂ፣ አንሺ። ማንም አያይሽም፤ ከባንኮኒው ኋላ ነሽ። አሥር ጊዜ፣ ባትሽ ሞቅ እስኪል። ማታ ከአራት ኪሎ ወዲያው ታክሲ ላይ ከምትወጪ እስከ ስድስት ኪሎ ሽቅብ በእግርሽ ሂጂ፤ ዳገት ባትን እንደሚያሠራው የሚያሠራው የለም። ቅዳሴ ላይ ረጅም ሰዓት የምትቆሚ ከሆነም እግርሽን እያቀያየርሽ፣ ጣትሽን እያንቀሳቀስሽ ቁሚ። ቤት ስትገቢ ልጆቹ ላይሽ ላይ ይውጡ፣ ግድ የለም፤ እግርሽ ብቻ ከልብሽ ከፍ ብሎ ሩብ ሰዓት ይረፍ። በርጩማ ላይ ጉልበትሽን አጥፈሽ ቡና ማፍላት እረፍት አይደለም። ቡናውን ሌላ ሰው ያፍላ።

ካልሲውን በተመለከተ ትንሽ ልርዘም፣ ምክንያቱም ገንዘብ የሚባክነው እዚህ ነው። የሚያስፈልግሽ ቁርጭምጭሚት ላይ በጣም የሚጠብቅ፣ ወደ ጉልበት ሲወጣ እየላላ የሚሄድ የሕክምና ካልሲ ነው። ማሸጊያው ላይ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር ሜርኩሪ የሚል ይፈለጋል። እስከ ጉልበት ይበቃል። ያለ ልኬት አትግዢ፤ ጠዋት እግርሽ ሳያብጥ ቁርጭምጭሚትሽና ባትሽ በሜትር ይለካ። ከአልጋ ሳትወርጂ አድርጊው፣ ማታ አውልቂው። ላዩ ላይ ላስቲኩ ብቻ የሚጠብቅ ተራ ስቶኪንግ ግን ተቃራኒውን ነው የሚሠራው፤ መመለሻውን ይዘጋል። በፋሻ ራስሽ መጠቅለልም እንደዚያው ነው። ስኳር ያለበት ወይም ሲራመድ ባቱን የሚይዘው ሰው ደግሞ የእግሩ ደም ቅዳ ሳይታይ ይህን ካልሲ አያድርግ። አንቺን ለማየት ቀላል ነው፦ ሐኪሙ የእግርሽ ጀርባ ላይ ትርታውን በጣቱ ያገኘዋል።

የእግር እብጠት ሁሉ ከደም መልስ አይደለም፤ ይህን ለሌሎች አንባቢዎች ነው የምለው። ሁለቱም እግር እኩል ካበጠ ልብና ኩላሊት ይታያል። በቀይ አፈር ላይ ለዓመታት በባዶ እግር ከሄደ ሰው ላይ የሚመጣው የእግር ዝሆኔ ደግሞ የደም ስር ሳይሆን የሊምፍ ስር ጉዳይ ነው፤ ሕክምናውም ሌላ ነው።

ያልጠየቅሽኝ ግን ያስጨነቀኝ እንክብሉ ነው። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መቆጣጠሪያ እንክብል በጥልቁ ደም መልስ ውስጥ ደም የመርጋት ዕድልን ይጨምራል። ለአብዛኛው ሴት ዕድሉ ትንሽ ነው፤ ቫሪኮስ ስላለብሽ ብቻም አይከለከልም። ግን በቤተሰብ ውስጥ ደም የረጋበት ሰው ካለ፣ ሲጋራ የምታጨሺ ከሆነ ወይም ረጅም ጉዞና ኦፕሬሽን ካለብሽ ጉዳዩ ይለወጣል። ክንድ ውስጥ የሚቀበረውም ሆነ ሉፕ ኤስትሮጅን የላቸውም። ስለዚህ ኦፕሬሽን ከመቀጠርሽ በፊት እንክብሉን ለሐኪምሽ ንገሪ።

የረጋ ደም ምልክቱ አሁን ካለሽ ስሜት ይለያል። አንድ እግር በአንድ ሁለት ቀን ውስጥ በድንገት ያብጣል፣ ባት ይጠነክራል፣ ሲነካ ያማል፣ ይሞቃል። ተኝተሽም አይጎድልም። ግራ እግር ላይ በብዛት ይታያል፤ የግራው ደም መልስ ሆድ ውስጥ በቀኝ ደም ቅዳ ሥር ስለሚያልፍ ይጫነዋል። ይህ ከመጣ በዚያው ቀን፣ ሌሊትም ቢሆን፣ ድንገተኛ ክፍል ሂጂ። ትንፋሽ ካጠረሽ ወይም ደረትሽን ከወጋሽ አንድ ደቂቃም አትጠብቂ፤ የረጋው ደም ቁራጭ ሳንባ ደርሶ ሊሆን ይችላል። ከሁሉ በላይ ደግሞ «ጡንቻዬ ዞሮ ነው» ብለሽ ወጌሻ ጋ እንዳትታሺ። ወጌሻ ለወለምታ ጎበዝ ነው፤ የረጋ ደም ግን ሲታሽ ሊነቀል ይችላል።

ቀጣዩ እርምጃሽ ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፤ ደሙ ወዴት እንደሚሄድ በድምፅ ሞገድ የሚያሳይ ምርመራ። ስትሄጂ አንድ ነገር አስታውሺ። ብዙ ቦታ አልጋ ላይ አጋድመው ያያሉ። የረጋ ደም ለመፈለግ ይበቃል፤ የቫልቭ ድክመት ለማየት ግን አይበቃም፤ ተጋድመሽ ደሙ ለመውረድ አይቸኩልም። «ቆሜ ይታይልኝ» በዪ፣ አያሳፍሩሽም። ባለሙያው ባትሽን ጨምቆ ሲለቀው ደሙ ወደ ታች ስንት ሰከንድ እንደሚመለስ ይለካል። በላዩ ደም ስር ከግማሽ ሰከንድ በላይ ከሆነ ቫልቩ አይዘጋም ማለት ነው። ጥልቁ ክፍት መሆኑም ወረቀቱ ላይ መጻፍ አለበት፤ ያለ እሱ ማንም እግርሽን እንዳይቀድ። ውጤቱን ከነቁጥሩ ጻፊልኝ፤ የትኛው ሕክምና እንደሚሻልሽ ያን ጊዜ እንነጋገራለን።